ኮሮላችንን ከ350 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ላሻገሩልን መካኒክ ምስጋናዬ ይድረስልኝ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የሰው ውለታ በልቤ ይዤ ዝም ማለት ስለከበደኝ ነው። በጎፋ ገብርኤል አካባቢ አነስተኛ ጋራዥ ያላቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ፣ ሌሎች «አልቆላታል» ብለው የፈረዱባትን የቤተሰባችንን መኪና አድነውልናል። መኪናችን ዛሬም በየቀኑ ከአያት ሜክሲኮ ደርሳ ትመለሳለች፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ 350 ሺህን አልፏል፤ በእሳቸው እጅ ከገባች ወዲህም አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ ጥላን አታውቅም። መኪና ያላችሁና በየጋራዡ የተንገላታችሁ ሁሉ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መኪናችን እ.ኤ.አ. የ1998 ሞዴል፣ ባለ 1.3 ሞተር ነጭ ቶዮታ ኮሮላ ናት። በ2001 ዓ.ም. ባለቤቴና እኔ የደረሰንን እቁብ ከቁጠባችን ጋር አዳምረን ስንገዛት፣ በሌላ ሰው እጅ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተነድታ ነበር። ልጆቻችን ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ በእርሷ ተመላልሰው አድገዋል፤ እናቴን ከደብረ ብርሃን እያመጣች ጥቁር አንበሳ ለክትትል አድርሳለች፤ እኔም ሥራ የምገባው በእርሷ ነው። ኮሮላ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የሚመረትና በዓለም ላይ ከ50 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ መኪና ስለሆነ፣ ብዙ ሰው «ቶዮታ አይሞትም» ይላል። ጥንካሬው እውነት ነው። ነገር ግን የቶዮታ ስም ብቻውን መኪና እንደማያቆይ፣ የሚያውቅና የሚታመን እጅ ካላገኘ ጠንካራው ሞተርም በሰው እንደሚበላሽ በዓይኔ አይቻለሁ።

ችግሩ የጀመረው መኪናችን ማሞቅ ስትጀምር ነው። ጠዋት ወደ መገናኛ ስንቃረብ፣ መኪናው ሁሉ ተጠጋግቶ በሚቆምበት ሰዓት፣ የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀስ እያለ ወደ ቀዩ ይወጣል፤ ውሃ በየጊዜው ይጎድላል፤ ኮፋኖ ከፍተን መንገድ ዳር የምንቆምበት ጊዜ በዛ። መጀመሪያ የወሰድንበት ጋራዥ «ራዲያተሩ ተደፍኗል» ብሎ ራዲያተር አስቀየረን። ጥቂት ሰነበተችና ያው ሆነች። ሁለተኛው ጋራዥ ሳይመረምራት፣ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ «ጓርኒሲዮን (የሞተሩን ራስና አካል መጋጠሚያ የሚያሽገውን ማሸጊያ) በልታለች፣ ሞተር ይውረድ» አለን፤ የጠየቀን ገንዘብ የልጆቻችንን የመንፈቅ ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያክል ነበር። እኔ ስጠይቀው መልሱን የሚሰጠው ለባለቤቴ ነው። መኪናዋን የምነዳት እኔ፣ መቼና የት እንደምታሞቅ የማውቀው እኔ፣ ሰውየው ግን አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም። ሌላ ቦታ ደግሞ ለምርመራ ብለን አሳድረናት በማግስቱ ስንረከባት ደህና የነበረው ባትሪያችን በአሮጌ ተለውጦ አገኘነው፤ ብንጮህም የሚሰማን አጣን። በመጨረሻም አንዱ «ለቁርጥራጭ ሽጧትና ተገላገሉ» ብሎ መከረን። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ሰው ላቡን አንጠፍጥፎ ያፈራውን ንብረት እንዲህ በአንድ ቃል ማጣጣል ምን ይባላል?

ሽጣችሁ ሌላ ግዙ ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ የሚገቡ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ እንዴት እንደሰቀለው ሁላችንም አይተናል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና መምጣቱን አልጠላም፤ ሆኖም እንደ እኛ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ያለችውን መኪና ካጣ ሌላ የሚተካበት አቅም የለውም። ለእኛ የመኪናዋ መዳን የኑሮ ጉዳይ ነበር።

እኚህን መካኒክ የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስንደርስ ግቢው ጠባብ ነው፤ አራት መኪና ቢገባበት አምስተኛው አይዞርም። እሳቸው ሰማያዊ ቱታ ለብሰው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከአንድ ቪትዝ ሥር ወጡና እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ሰላም አሉን። ከዚያም፣ እስከ ዛሬ የማልረሳው ነገር፣ «የሚነዳት ማነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ መሆኔን ስነግራቸው ወደ እኔ ዞረው «እስቲ ልጄ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሉ። ቆማ ነው ወይስ ስትሄድ የምታሞቀው፣ ዳገት ላይ እንዴት ናት፣ ጠዋት ስትነሣ ነጭ ጭስ አላት ወይ፣ ዘይቷ መልኩን ቀይሮ ወተት መስሎ ያውቃል ወይ እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ ስመልስላቸውም አላቋረጡኝም።

አንድም ቡሎን አልፈቱም። ረዳታቸው የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል «ተው፣ ትኩስ ነው፣ ሰው ያቃጥላል» ብለው አስቆሙትና ሞተሩ እስኪበርድ ሻይ አስመጡልን። ከበረደ በኋላ ክዳኑን በጨርቅ ይዘው ፈቱት፤ ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ቀለበት የሚያህል ጎሚኒ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫር ሲያደርጉት እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ። ራዲያተሩ አዲስ ነው፤ ክዳኑ ግን የድሮው ነበር፤ ያ ጋራዥ የአዲስ ዋጋ ተቀብሎን አሮጌውን ክዳን መልሶ ገጥሞበታል። ጋሼ ግን በማንም ላይ ክፉ ቃል አልተናገሩም። ግቢው ውስጥ ከቆመች ሌላ ኮሮላ ላይ ተመሳሳይ ክዳን ለጊዜው ተውሰው ገጠሙ፤ ውሃውንም ሞሉና «ነይ ንጂ፣ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ» አሉኝ።

ወደ ሜክሲኮ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ወጣን። መኪናው ተጨናንቆ በቆመበት ቆምን፤ ዳገቱንም በዝቅተኛ ማርሽ ወጣነው። ዓይኔ ከመርፌው ላይ አልተነቀለም። መርፌው መሀል ላይ ቆሞ ቀረ። እሳቸው እያዩ ያዳምጡ ነበር እንጂ ብዙ አልተናገሩም፤ ስንመለስ ብቻ «ይህ ሞተር ደህና ነው። ደህና ሞተር አይፈታም» አሉ። በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን እፎይታ በቃላት ልገልጸው አልችልም።

ከሰጡኝ ማብራሪያ በአእምሮዬ የቀረው ይህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ክፍት ዕቃ ላይ የተጣደ ውሃ ገና 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን እንፋሎቱን አፍኖ ካልያዘ ሞተሩ ውስጥ ያለው ውሃም ቶሎ ይፈላና ይወጣል፤ ውሃው ሲጎድል ደግሞ መኪናው ያሞቃል። የቀረውን የሙያ ነገር እኔ አልተረዳሁትም፤ መረዳትም አላስፈለገኝም። የሚያውቅ ሰው እንደያዘው ግን ገብቶኛል።

ሒሳብ ስጠይቃቸው የጠሩልኝ የክዳኑን ዋጋና ከዚያ ብዙም የማይርቅ የእጅ ዋጋ ነው። ስንት ቦታ ስንት ገንዘብ አፍስሰን የመጣን ሰዎች ስለሆንን ጨምረን ልንሰጣቸው ብንለምን «የሠራሁት ይህንኑ ነው» ብለው መለሱልን። ሞተር አውርደው የፈለጉትን ያህል ቢያስከፍሉን አምነን የምንከፍልበት ሁኔታ ላይ ነበርን። ያንን እያወቁ አለማድረጋቸው ነው እስከ ዛሬ ልቤን የሚነካው።

ከዚያ በኋላ መኪናችንን ከእሳቸው በቀር ማንም አልነካትም። በመጀመሪያው ወር አንዲት ትንሽ ደብተር ሰጥተውኝ «ኪሎ ሜትሩን ጻፊ፤ ሞተር የሚሞተው በሙቀትና በዘይት እጦት ነው» አሉኝ። በአዲስ አበባ አቧራና መጨናነቅ ለሚሠራ መኪና የሞተር ዘይት ከነፊልትሮው በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ እንዲቀየር ያደርጋሉ፤ ለራዲያተሩም የቧንቧ ውሃ ውስጡን ያዝገዋል ብለው ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ብቻ ነው የሚሞሉት። የታይሚንግ ቺንጋውን (የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞረውን ቀበቶ) በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀይራሉ፤ ሲቀይሩም፣ ያው አንዴ ተፈትቷልና ሁለተኛ የእጅ ዋጋ እንዳንከፍል፣ የውሃ ፓምፑን አብረው ይለውጡታል። የፍሬን ሸራና የአየር ፊልትሮ ጊዜያቸው ሲደርስ ከእኔ ቀድመው ያስታውሳሉ። ለዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ስንቀርብ ቦሎ ያለ ጭንቀት እንወስዳለን።

ከሁሉም በላይ መተማመን የፈጠረብኝ ግን አሮጌውን ዕቃ የሚመልሱበት መንገድ ነው። የፈቱት ዕቃ ሁሉ በአዲሱ ዕቃ ካርቶን ተደርጎ ከመኪናው ኋላ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፤ «ይህ ነው የወጣው፣ ይህ ነው የገባው» ብለው ሳያሳዩኝ ቁልፍ አያስረክቡም። ዕቃ ከሶማሌ ተራ መግዛት ሲያስፈልግ ደግሞ ራሳቸው ገዝተው ዋጋ እንዲጨምሩ ዕድል የሚሰጣቸውን ይህን ሥራ ለእኔ ይተዉታል። የድሮውን ዕቃ ለናሙና ያስይዙኛል፤ የተገዛውንም ከመግጠማቸው በፊት ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ በእጃቸው መዝነው፣ ጠርዙንና ጽሑፉን አይተው፣ አስመስሎ የተሠራ ከሆነ «መልሺላቸው» ይሉኛል። ሁለቱን አንድ ላይ ያሳዩኝ ጊዜ ልዩነቱ ለእኔ እንኳ ታይቶኛል።

ባለፈው ክረምት እናቴ በድንገት ታማብን ሌሊት ተነሥተን ደብረ ብርሃን ሄደናል። ዝናቡ ከባድ ነበር፤ ጭጋጉም መንገዱን ሸፍኖታል። በዚያ ሰዓት መኪናዬ ታሞቅ ይሆን፣ ትቆምብኝ ይሆን ብዬ አልተጨነቅሁም፤ ሐሳቤ ሁሉ እናቴ ጋ ነበር። እናቴን ይዘን ንጋት ላይ አዲስ አበባ ገባን፤ በጊዜ ስለደረሰችም ዛሬ በጤና ከእኛ ጋር ናት። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው አንገታቸውን ደፍተው «እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለት በቀር ምንም አላሉም። እኔ ግን እግዚአብሔርን ካመሰገንኩ በኋላ እሳቸውን ማመስገን እንዳለብኝ አውቃለሁ። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ልጆችዎ በእርስዎ ይኩሩ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ በተለይ ደግሞ ጋራዥ ስትገቡ እንደ ሰው የማይቆጥሯችሁ እህቶቼ፣ እባካችሁ ወደ እሳቸው ሂዱ። ሞተር ይውረድ የተባለባችሁ ካላችሁ ገንዘባችሁን ከማፍሰሳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ያሳዩዋቸው። የማይችሉትን ሥራ «ይህ የእኔ አይደለም» ብለው የኤሌክትሪኩን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ የላሜራውን ለላሜራ ሠሪ ይመራሉ እንጂ በእናንተ መኪና ላይ አይለማመዱም። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስለለመኑኝ እዚህ አልጻፍኩትም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ ግን በደስታ እሰጣለሁ። እሑድና በወር በገብርኤል ቀን አይሠሩም። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ሳትደውሉ አትሂዱ፤ ከመደወላችሁ በፊትም የመኪናችሁን ኪሎ ሜትርና ዘይት መጨረሻ የቀየራችሁበትን ጊዜ አይታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።