የጋራዥ በር መክፈቻ ሪሞት ሞተር ሳይክላችሁ ላይ ልታስገጥሙ ያሰባችሁ፣ ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ሞተረኞች፣ «ማንኛውንም ሪሞት ቀድተን እንገጥማለን» የሚሉትን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ዛሬ 140 ዶላር ተቀብለው የሠሩትን ስሙ።

ጠዋት የገጠሙት ባለ አራት ቁልፍ መቅጃ ሪሞት ነው፤ በ433 ሜጋኸርዝ የሚሠራ፣ ኮዱ የማይለዋወጥ ሪሞት ብቻ የሚቀዳ። የቤቴን ጋራዥ በር የሚከፍተው ሞተር ቻምበርሌን የሚባለው ኩባንያ ሥራ ሲሆን፣ አዲስ ሪሞት የሚያስተዋውቀው «ለርን» የሚባለው ቁልፉ ሐምራዊ ነው። ሐምራዊ ማለት 315 ሜጋኸርዝ፣ በተጫነ ቁጥር ኮዱን የሚቀይር ማለት ነው። ያ መቅጃ ዓመት ሙሉ ቢጫን አይከፍተውም። ሱቅ ውስጥ ግን ቀይ መብራቷ ስትበራ «ይኸው፣ ይሠራል» ተባለ። መብራቷ የምትናገረው ሪሞቱ ኤሌክትሪክ ማግኘቱን ብቻ ነው።

ከሰዓት ስመለስ የሱቁ ሠራተኛ «ችግር የለም፣ ኦሪጅናሉን አምጣ፣ እሱኑ እንገጥማለን» አለ። ኦሪጅናሉ በአንዲት ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው የሚሠራው። ሞተር ሳይክል ሲነሳ ደግሞ ወደ 14 ቮልት ይሰጣል። «ቮልት ማውረጃው የታለ?» ብዬ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። ክዳኑን በካቻቢቴ ፈለቀቀ፤ ባትሪዋን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወራት። ከረዥሙ መብራት የመጣውን ሽቦ በባትሪዋ ፖዘቲቭ ቦታ፣ ጥቁሩን በኔጋቲቩ ላይ በየደ። ረዥሙን መብራት አበራና የሪሞቱን ቁልፍ ተጫነ። የሪሞቷ መብራት አንዴ ቦግ አለች፣ ጠፋች። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ለእሱም ሸቶታል፣ አፍንጫውን ሲያሽ አይቼዋለሁ። ክዳኑን ገጥሞ እጄ ላይ አኖረልኝና «ወንድሜ፣ ድሮም የሞተ ነው ያመጣኸው» አለኝ።

ከአንድ ሰዓት በፊት በዚያችው ሪሞት ነው በሩን ከፍቼ የወጣሁት! አጠገቡ የቆመው ሳቀ። ገንዘቤን ስጠይቅ «የእጅ ዋጋ አይመለስም» ብለው ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ዞሩ። ቮልቱን እያወቅኩ እጁን ይዤ አለማስቆሜ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ረዥሙ መብራት ላይ ማሰሩ ራሱ ስህተት ነው። እንደዚያ የሚገጥሙ ሰዎች የሪሞቱን ቁልፍ ሁልጊዜ እንደተጫነ እንዲቆይ ይበይዱታል፤ ስለዚህ በሌሊት መንገድ ረዥሙን ባበራችሁ ቁጥር ሪሞቱ ሳያቋርጥ ይልካል፣ ሰፈር ስትደርሱም በሩ ሳታዙት ይከፈታል።

የምታስገጥሙ ከሆነ መጀመሪያ የለርን ቁልፉን ቀለም እዩ። በቻምበርሌን ሐምራዊ 315፣ ብርቱካናማ 390 ሜጋኸርዝ ነው፤ ቢጫው አዲሱ ዓይነት ስለሆነ ለእሱ የተሠራ ሪሞት ብቻ ግዙ። ከ12 ወደ 3 ቮልት የሚያወርድ ኮንቨርተር፣ ባለ 1 አምፔር ፊውዝና ሲለቁት የሚመለስ ለብቻው የሆነ ቁልፍ ጠይቁ። ሪሞቱ ከብረቱ የነዳጅ ታንከር ሥር ሳይሆን ከፕላስቲክ ሽፋን ጀርባ፣ ውሃ በማይገባው ከረጢት ይቀመጥ። ሪሞቱን ከበሩ ሞተር ጋር ለማስተዋወቅ ለርን አንዴ ተጭኖ ይለቀቃል፤ በ30 ሰከንድ ውስጥ የሪሞቱ ቁልፍ የበሩ ሞተር አምፖል ብልጭ እስኪል ይያዛል። ይህን እቤታችሁ፣ በሩ ፊት ቆመው ካልሠሩላችሁ አትክፈሉ።