ለአሮጌ የሸክላ ጡብ ቤት፦ ነጭ ወይስ ክሬም?
ባሕር ዳር ውስጥ ነጭ ቀለም የሚወደደው በምክንያት ነው፤ ፀሐይን ስለሚመልስ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ግድግዳው ብዙም አይግልም። ጉዱ የሚታየው ክረምት ሲገባ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ጭቃውን እየረጨ ነጩን ግድግዳ እስከ ጉልበት ያዥጎረጉረዋል። ክሬም ሙቀት ትንሽ ይበልጥ ይይዛል፤ አቧራን ግን ይሸሽጋል፤ ከመንገዱ ዘንባባም ጋር ያምራል። እኔ ክሬሙን እመርጣለሁ፣ ከሥሩ ጠቆር ያለ ቡናማ ዞኮሎ (በግድግዳው ግርጌ የሚዞር ሰፊ መስመር) ተጨምሮበት።

የትኛውም ቢመረጥ፣ እርጥበት የሚስብ አሮጌ ጡብ ላይ ፕላስቲክ ቀለም ውሃውን አፍኖ ይላጣል፤ ኖራ ግን እርጥበቱን ያስወጣል። ኖራ በነጭ ብቻ አይወሰንም፤ ቢጫ አፈር ቀለም ሲገባበት ክሬም ይሆናል። (ጡቡ ደህና ከሆነማ ባይቀባስ?) ሥራው ከጥቅምት ወዲያ፣ ግድግዳው በደንብ ሲደርቅ ይጀመር።