ማይተር ሶው የምትገዙ ሰዎች፣ ካርቶኑን ሻጩ እንዳይከፍትላችሁ

ከሱቁ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ንዴቴ አልበረደም። እስኪበርድ ብጠብቅ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው እተወዋለሁ፣ ስለዚህ አሁኑኑ ልጻፈው።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ገና ስትገቡ "ወንድሜ" የሚለው ነው። የምትፈልጉትን ተናግራችሁ ሳትጨርሱ "የተሻለ አለ" ይላል፣ ዕቃውን ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይሞክራል፣ ራሱ መልሶ ያሽጋል። እናንተ የምታደርጉት መክፈል ብቻ ነው።

የገዛሁት ማሽን ዲስኩ 254 ሚሊሜትር የሆነ ማይተር ሶው ነው፣ እንጨት በተፈለገው ማዕዘን የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ። ካርቶኑ እንደታሸገ ነበር። "ልሞክርልህ፣ ኋላ አልሠራም ብለህ እንዳትመለስ" ብሎ ቀደደው። ሶኬት ላይ ሰካው፣ ማብሪያውን ጫን አደረገው፣ ዲስኩ ጮኸ። እኔ ዲስኩን አያለሁ። ረዳቱ ልጅ ከጀርባዬ ካርቶኑ ውስጥ እጁን ከትቶ ይጎረጉራል፣ ነጩን ፎም እያስተካከለ ነው የመሰለኝ። ዞር ብዬ እንኳን አላየሁትም። ማሽኑ ተመልሶ ከገባና በፕላስተር ከታሸገ በኋላ ነው ሻጩ "ጣውላ የምትይዝበት ሞርሳ አለህ?" ብሎ የጠየቀኝ። የለኝም አልኩት። "ከማሽኑ ጋር አይመጣም፣ ለብቻው ነው የሚሸጠው፣ ይሄ ግን ልኩ ነው" ብሎ አንድ ጥቁር ሞርሳ አወጣ። ገዛሁት። አመሰግናለሁ ብዬ ነው የወጣሁት። ይቺ ምስጋና ነች አሁን ድረስ የምታቃጥለኝ።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልናገር። ማይተር ሶው ላይ ጣውላው ከኋላ መደገፊያው ላይ ተጠግቶ፣ ከላይ በሞርሳ ተረግጦ ካልተያዘ ቁርጡ አይታመንም። ቀጥ ያለ ቁርጥ ላይ በእጅም ያዝኩት ልትሉ ትችላላችሁ። 45 ዲግሪ ላይ ግን ዲስኩ እንጨቱን በመደገፊያው በኩል ወደ ጎን ይጎትተዋል። በዓይን የማይታይ መንሸራተት ነው፣ አንድ ሁለት ሚሊሜትር። ለማገዶ ከሆነ ምንም አይደለም። ለፍሬም ግን ሁለቱ ተቃራኒ ጎኖች እኩል ካልሆኑ ማዕዘኑ አይዘጋም።

እኔ የምሠራው ደግሞ ፍሬም ነበር፣ የአባቴን ፎቶ የማደርግበት። እንጨቱ ከራሱ ከአባቴ የድሮ ቁም ሳጥን በር የወጣ ነው። ሌላ እንደሱ ያለ ከየትም አይመጣም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጎኖች ሲለኩ እኩል አልሆኑም። እኔ የጠረጠርኩት ማሽኑን ነው። ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) አምጥቼ ዲስኩን ከመደገፊያው ጋር ለካሁት፣ 90 ላይ ልክ ነው። 45 ላይም ልክ ነው። መጠርጠሬ ያለ ምክንያት አልነበረም፣ ምክንያቱም አራት ማዕዘን ማለት ስምንት ቁርጥ ነው፣ በእያንዳንዱ ግማሽ ዲግሪ ከሳተ መጨረሻው ማዕዘን ላይ 4 ዲግሪ ክፍተት ይጠብቃችኋል። ማሽኑ ግን ንጹሕ ነው። ከዚያ ጣውላው ላይና መደገፊያው ላይ እኩል የሚያልፍ የእርሳስ መስመር አሰመርኩ፣ ሞርሳውን አጥብቄ ቆረጥኩ። ሳየው መስመሩ ተለያይቷል።

ሞርሳውን ያኔ ነው ጎንበስ ብዬ ያየሁት። ዘንጉ ከማሽኑ ቀዳዳ ይቀጥናል። ከላይ ስታጠብቁት ቀጥ ብሎ አይጫንም፣ ዘንጉ ወደ ኋላ ያጋድልና እግሩ ጣውላውን በሰያፍ ይገፋዋል። እግሩ ላይ ጎማ የለውም፣ የሚያንሸራትት ደረቅ ፕላስቲክ ነው። ዘንጉን ከጎን የሚቆልፈው ብሎን ደግሞ ጥርሱ ተበልቷል። ይህን ሁሉ እያየሁ፣ ዛሬ ጠዋት ሦስተኛውን ጎን በዚያው ሞርሳ ልቆርጥ ተነሳሁ። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፣ የእኔ ነው። ትንሽ ባጠብቀው ይይዛል አልኩ። ዲስኩ እንጨቱ መሐል ሲደርስ ጣውላው ተንቀሳቀሰ፣ ዲስኩ ነከሰው፣ ጠንካራ ድምፅ ተሰማ፣ ቁራጩ ግድግዳው ላይ ተወረወረ። የቀረው ከመሐል ተሰንጥቋል። ግራ እጄ ከዲስኩ ራቅ ብሎ ነበር። ሞርሳውን ስላላመንኩት ጠጋ አድርጌ በእጄ ልደግፈው አስቤ እንደነበር ግን አልደብቃችሁም።

ሞርሳውን ይዤ ሄድኩ። ሻጩ በሁለት ጣቱ አንስቶ አየውና ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገው። "አጥብቀህ ሰብረኸዋል" አለ። ዘንጉ እንደሚቀጥን፣ እንደሚያጋድል አስረዳሁት። አልሰማኝም። ቀና ሳይል "እውነተኛ አናጺ በእጁ ነው የሚይዘው፣ ሞርሳ ሞርሳ የሚለው ፈሪ ነው" አለኝ። ረዳቱ ሳቀ። ሌላ ገዢም ቆሞ ነበር፣ እሱም ፈገግ አለ። በእጁ የሚይዘው! ሰው ጣቱን የሚያጣው እንዲህ ባለው ምክር አይደል?

መልስ ሳፈላልግ ከጀርባው ያለው መደርደሪያ ላይ ዓይኔ አረፈ። ትሪ ላይ ሞርሳዎች ተከምረዋል። ሁሉም የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ ቀይ እጀታ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ። አረንጓዴው የእኔ ማሽን እጀታ ያለው ቀለም ነው። ያው ቀለም ብቻ ሳይሆን ያው ቅርጽ፣ ያው የተቦረቦረ ፕላስቲክ። ያ ሞርሳ የየትኛው ማሽን ነው ብዬ ጠየቅኩ። ዞሮ አየው። ዓይኑ ትንሽ እንኳን አልደነገጠም። "እሱ ኦሪጅናል ነው፣ ወደድ ይላል። ከፈለግክ ልስጥህ" አለኝ።

ዝም ብዬ ወጣሁ። መጮህ ነበረብኝ፣ አልጮህኩም። ቆሜ አንድ ነገር እንኳን አለመናገሬ ከእንጨቱ እኩል ያንገበግበኛል።

ቤት ገብቼ እስከ ዛሬ ያልገለጥኩትን መመሪያ ገለጥኩት። ካርቶኑ ውስጥ የሚመጡ ዕቃዎች ተሥለዋል፦ ዲስክ፣ የዲስክ መፍቻ፣ የአቧራ ከረጢት፣ ሞርሳ። ከዚያ ፎሙን አወጣሁ። ለዲስክ መፍቻው የተቆፈረ ቦታ አለ፣ መፍቻው አለ። ከጎኑ ዘንግና እጀታ ያለው ነገር የሚተኛበት ቦታ ተቆፍሯል። ባዶ ነው።

በቃ ይኼው ነው። ስትገዙ ካርቶኑን ራሳችሁ ክፈቱ፣ የዕቃውን ዝርዝር መመሪያው ላይ እያያችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ ማሽኑ ሲሞከር ዲስኩን ሳይሆን ሰዎቹን ተመልከቱ። ሞርሳ ለብቻው ከገዛችሁም ዘንጉን እዚያው ቀዳዳው ውስጥ ከትታችሁ ነቅንቁት። መደገፊያው ላይ ብርጭቆ ወረቀት ብትለጥፉ መንሸራተቱን ይቀንሳል፣ ያጋደለ ሞርሳን ግን አያድነውም። እጃችሁ ከዲስኩ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ይራቅ፣ ለዚህ የሚያጥር ቁራጭ ከሆነ በእጅ አትያዙት።

ነገ ፎሙንም መመሪያውንም ይዤ እመለሳለሁ።