«አልቀባም» ላሉኝ ቀለም ቀቢ ምስጋና

ቤት ለማስቀባት የምታስቡ ሁሉ፣ በተለይ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ያላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ብር አታውጡ። ጽሑፉን ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው፤ ክረምቱ ይለፍና ግድግዳዬ ይመስክር ብዬ ነበር። ክረምቱ አለፈ፤ ግድግዳዬም መሰከረ።

መጀመሪያ ንዴቴን ላውጣ። ለ2017 እንቁጣጣሽ ቤቴን አስቀብቼ ነበር። የዚያን ጊዜው ሠራተኛ ቀለሙን ራሱ ገዝቶ እንደሚመጣ ነግሮኝ ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀበለኝ። ባልዲው ላይ የተጻፈውን አላነበብኩም፤ ጥፋቴ ነው። ውሃውን በጆግ እየደጋገመ ሲጨምርበት ግን አይቻለሁ። ጠላው ዓይኔ እያየ ቅራሪ ሆነ፤ እኔ የባለሙያ ሥራ መስሎኝ ዝም አልኩ። በሁለት ቀን ጨርሶ ሄደ።

ጥቅምት ሳያልቅ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ እንደ ድንች ይላጥ ጀመር። የሳሎኑ ደግሞ የተደገፈውን ሁሉ ያነጣል። እንግዳ በተነሣ ቁጥር ጀርባ ማራገፍ ሥራዬ ሆነ። አንዲት ሐዘን ላይ ያለች ዘመዴ ጥቁር ለብሳ መጥታ፣ ጀርባዋ ዱቄት የተነፋበት መስሎ ስትወጣ ያየሁ ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለሰውየው ደወልኩ። አንዴ «ነገ»፣ አንዴ «ሰኞ»፣ በኋላም ስልኩን ማንሳት ተወ። አንድ ሱቅ ገብቼ ምክር ብጠይቅ «ውዱን ገዝተሽ ከላዩ ደርቢበት» አሉኝ። ደረብኩበት። በሁለት ወሩ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ተያይዞ ወረደ።

በዚህ መሃል ነው ጎረቤቴ እኚህን ሰው የጠቆመችኝ። ስማቸውን የማልጽፈው ስለለመኑኝ ነው፤ «ሥራ ሲበዛብኝ እጄ ይበላሻል» ይላሉ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳው ይጠጋል።

የካቲት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባዶ እጃቸውን መጡ። የሳሎኑን ግድግዳ በመዳፋቸው ጠረግ አድርገው አሳዩኝ፤ መዳፋቸው ነጭ ሆኗል። መኝታ ቤት ሲገቡ ጎንበስ ብለው የግድግዳውን ግርጌ በእጃቸው ጀርባ ነኩት፤ የሕፃን ትኩሳት እንደሚለካ ሰው እዚያው ቆዩ። «ከዚህ ጀርባ ምንድን ነው ያለው?» አሉኝ። የጎረቤት መታጠቢያ ቤት ነው አልኳቸው።

«እንግዲያው አልቀባም።»

ዋጋ ለማስጨመር መሰለኝና ጨምሬ ጠራሁ። «ልጄ፣ ይህ ግድግዳ ውሃ እየጠጣ ነው። የሚጠጣ ግድግዳ ወርቅ ብትቀቢውም ይተፋዋል። በከንቱ ገንዘብሽን አልበላም» አሉኝ። አብረውኝ ጎረቤት ሄደው በር አንኳኩ። እኔ ብሄድ ጠብ ይሆን የነበረውን ነገር በሁለት ቃል አስማሙት፤ በሳምንቱ የሚያፈሰው ቧንቧ ተሠራ። «አሁን ይድረቅ፤ አትንኪው» ብለውኝ ሄዱ። ለትራንስፖርት ብሰጣቸው እንኳ አልተቀበሉም፤ የጠጡት ሁለት ስኒ ቡና ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ተመልሰው ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። በሃያኛው ቀን ራሳቸው ደወሉ። «ግድግዳው እንዴት አደረ?» አሉኝ፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው።

ቀለሙን ለመግዛት መርካቶ ይዘውኝ ወረዱ። የተመረተበትን ቀን አነበቡ፤ ክዳኑ የተነካካውን ወደ ጎን አደረጉ። የገዛነውን ሱቁ ውስጥ አስከፍተው በእንጨት ከሥሩ አማሰሉትና ከፍ አድርገው አወራረዱን አዩት። እንደ አጥሚት ሲወርድ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ እንዳለችኝ ያውቁ ስለነበር እርሳስ የሚባለው ብረት የሌለበት መሆኑን በጽሑፉ ላይ ካላሳዩኝ አልገዛም ብለው ተሟገቱ። እርሳስ የሕፃን አእምሮ እንደሚጎዳ፣ በአገራችንም ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ደንብ እንደወጣበት ነገሩኝ። የምኑ ሚሊዮን እንደሆነ አልጠየቅኩም። እኔ ሁሉንም ከውዱ ልግዛ ስል ግን ከለከሉኝ፤ ለጣሪያው ርካሹ ይበቃል፣ ገንዘብሽን የልጅ እጅ የሚደርስበት ላይ አውዪው አሉ።

እኔ የመረጥኩትን ቅቤ መሳይ ቀለም መጀመሪያ ትንሽ ብቻ አስገዝተውኝ፣ ሁለት ቦታ ላይ የመዳፍ ያህል ቀቡና «ጠዋትም ማታም እዪው» ብለው ሄዱ። ጠዋት ቅቤ ነው። ማታ መብራት ሲበራ ሽሮ ሆኖ ቁጭ! እንኳን ሙሉውን አልገዛሁት።

ሥራው ስድስት ቀን ፈጀ፤ ሦስቱ ቀን ቀለም የሚባል ነገር አልተከፈተም። ፋቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ ስቱኮ አደረጉ፣ ሌላም ሌላም። ሊያስረዱኝ ሞክረው ነበር፤ አልገባኝም።

የማልረሳላቸው ግን ሌላ ነው። እናቴ ደረቷን ያማታል፤ እኔ አልነገርኳቸውም። በሁለተኛው ቀን ከጓዳ ስታስል ሰምተው ኖሯል። የበሮቹ የዘይት ቀለም ተራ ሲደርስ «ይህ ይሸታል፤ እማማ ወደ ዘመድ የሚሄዱበት ቀን የለም?» አሉኝ። እናቴ እህቷ ዘንድ ሄዳ እስክታድር በሮቹን አስቆይተው፣ ያን ቀን መስኮቱን ሁሉ ከፍተው ቀቡ። እናቴ ስትመለስ ይህን ሰምታ የመረቀቻቸውን ምርቃት እኔ ልጇ ተመርቄው አላውቅም።

ሲጨርሱ የገዙበትን ደረሰኝ ከነመልሱ ቆጥረው አስረከቡኝ። ያለፈው ሰው የተረፈውን ቀለም ይዞት ሄዷል፤ እሳቸው የተረፈውን በትንሽ ጣሳ አድርገው፣ አፉን በላስቲክ አሽገው፣ ክዳኑ ላይ በእርሳስ «ሳሎን፣ መጋቢት 2017» ብለው ጽፈው ሰጡኝ።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ መደበቅ ነውር ነው። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ቢያስጠብቋችሁ ጠብቁ። አልቀባም ካሏችሁ ደግሞ ዋጋ እንዳትጨምሩ፤ እኔ ሞክሬዋለሁ። ጋሼ፣ ይህን ካነበቡ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ወጥ በነካ እጇ የሳሎኑን ግድግዳ ይዛ ተነሣች። አምስቱም ጣት ቀይ ሆኖ ታትሟል። ጣሳውን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ክዳኑን በማንኪያ ልከፍት ስታገል፣ እናቴ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረገችው። ለቀቀ። ጣሳውን እንደታሸገ መለስኩት።