የመምህሩና የደቀ መዝሙሩ መዝገበ ቃላት፦ ቃል ለሚወድ ጸሐፊ

በአማርኛ ለሚጽፍ፣ በተለይም በሰምና ወርቅና በኅብረ ቃል፣ ማለትም ሁለት ፍች ባለው ቃል፣ ለሚደሰት ሰው፣ ሁለት መጻሕፍትን በአንድነት ልመዝን እወዳለሁ። አንደኛው በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ሲሆን፣ ሁለተኛው በ1962 ዓ.ም. በዚያው ማተሚያ ቤት የወጣው የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው። የመጀመሪያው የግእዝን ቃል በአማርኛ ይፈታል፤ ሁለተኛው አማርኛውን በአማርኛ ያብራራል። ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ገዝቶ ይበቃኛል ይላል። እኔ ግን ለቃል ጨዋታ የሚፈልጋቸው ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ካላስቀመጠ ዋናው ጥቅማቸው ያመልጠዋል ብዬ አምናለሁ።

የአማርኛ ቃል ጨዋታ በአብዛኛው የሚቆመው በድምፅ መገጣጠም ላይ ነው። ዛሬ በአፋችን «ሳለ» የምንለው አንድ ቃል ሥዕል ለሠራውም፣ ቢላዋ ለሞረደውም፣ ጉንፋን ይዞት ደረቱን ለሚያመውም ያገለግላል። በግጥም መድበሌ ውስጥ እንዲህ የሚሉ ሁለት ስንኞች አሉኝ፦

ሠዓሊ ጎረቤት ብዬ ስመካበት፣
ከብርድ ቤቱ ገብቶ ሲስል ሌት ነጋበት።

ሰሙ ሸራ ዘርግቶ ሲደክም ያደረ ሠዓሊ ነው፤ ወርቁ ብርድ የመታው ሕመምተኛ ነው። ይህን ለመጻፍ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል። ነገር ግን ጆሮ የሚሰጠው በአጋጣሚ የተገኘውን ብቻ ነው። የኪዳነ ወልድን መጽሐፍ ከፍቶ ሥሩን የሚከተል ጸሐፊ የሥዕሉ ግስ ሠዐለ፣ የሞረዱ ሰሐለ፣ የጉንፋኑ ሰዐለ መሆኑን ያያል፤ መለመንን የሚናገረው ሰአለ ደግሞ «ተሳለ»ን እና «ስለት»ን እንደ ሰጠን ይረዳል። በግእዝ አራት የነበሩት ግሶች የጕሮሮ ድምፆቻቸው በአማርኛ ሲጠፉ ተቀላቅለው አንድ ሆኑ። ይህ ከታወቀ በኋላ አንድ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የጨዋታ ምንጭ ተገኝቷል ማለት ነው። «ስለቱን ይዞ ወደ ደብሩ ገባ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጃንጥላ የተሳለውን ምእመንም ሆነ ቢላዋ የደበቀውን ባላንጣ ሊያመለክት የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲያ ጸሐፊው ሐ፣ ዐ እና አ የነበሩባቸውን ሌሎች ግሶች በራሱ እየፈለገ ይሄዳል፤ ፍለጋውም እጅግ ያስደስታል።

ስለ አደረጃጀታቸው ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባኛል። መጻሕፍቱ የሚሄዱት በለመድነው በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ነው፤ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ ሀ፣ ወ፣ ዘ እያለ ይቀጥላል። በልማዳችን ሁለተኛ የሆነው ለ ወደ መካከል ይወርዳል፤ ተ ወደ መጨረሻ ይሸሻል። በኪዳነ ወልድ መጽሐፍ ሠ ከነ ቀጥሎ ሲመጣ፣ ሰ የሚገኘው ከረ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ቃል በየትኛው «ሰ» እንደሚጻፍ የማያውቅ ሰው ሁለት ቦታ መፈለግ ይኖርበታል። ብዙዎች በዚህ ተሰላችተው መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ እንደሚተዉት አውቃለሁ። እኔ ግን ይህ ድካም ለገጣሚ ትልቅ ትምህርት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ድምፅ አንድ ያደረጋቸውን ቃላት የፊደሉ ተራ መልሶ ስለሚለያያቸው፣ ፈላጊው በየመንገዱ ያላሰበውን ቃል ያገኛል። የአበገደን ተራ በወፍራም ወረቀት ጽፎ ከሽፋኑ ውስጥ ማኖር ይበቃል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓይን ይለምደዋል። ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር፣ ቃሉ በአብዛኛው የሚፈለገው በግሱ ዘር መሆኑ ነው። «መጽሐፍ»ን የሚሻ ሰው መ ሥር ሳይሆን ጸሐፈ ዘንድ መሄድ አለበት። በቅኔ ጉባኤ ግስ የቆጠረ ተማሪ፣ ዋሸራ ቤትም ይሁን ጎንጅ ወይም ዋድላ፣ ይህ አይቸግረውም፤ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ያደገው ግን መጀመሪያ ላይ ይደናገራል።

እነዚህን መጻሕፍት ከሌሎች ሁሉ አብልጬ የምወዳቸው በሥራቸው ብቻ ሳይሆን በአወጣጣቸውም ነው። የግእዙን መዝገበ ቃላት የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ። እርሳቸው ሳይፈጽሙት ለደቀ መዝሙራቸው ለኪዳነ ወልድ አወረሱ። ኪዳነ ወልድ በኢየሩሳሌም ረጅም ዘመን ተቀምጠው ዕብራይስጡን፣ የሶርያውያኑን ሱርስትና ዐረብኛውን ከግእዙ ጋር እያስተያዩ ሥራውን አሳደጉት፤ የአበገደውም ተራ ከዚሁ የሴማውያን ቋንቋዎች ንጽጽር ጋር የሚሄድ ነው። ሆኖም በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ መጽሐፉ ገና በማተሚያ ቤት አላለፈም ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ ለንባብ ያበቁት የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። ያሳተሙትም በመምህራቸው ስም ነው። የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት የወጣው ከዚያ በ14 ዓመቱ ነው።

ደራሲ ስለ ስኬት ሲያስብ ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሙ በሽፋን ላይ መውጣቱ፣ መጽሐፉ መሸጡ፣ አንባቢ በመንገድ አስቁሞ ማመስገኑ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ እኔም ደርሶኝ በእጅጉ ተደስቼበታለሁ። ኪዳነ ወልድ ግን የዕድሜ ልክ ድካማቸውን ታትሞ ሳያዩ አረፉ፤ ዛሬ ደግሞ በግእዝ ላይ አንዳች ቁም ነገር የሚጽፍ ሰው መጽሐፋቸውን ሳይገልጥ አይውልም። ይህን ያደረገው የአንድ ተማሪ ውለታ መላሽነት ነው። በምስጋና ገጽ ላይ «ለመምህሬ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ የመምህርን ያልተፈጸመ ሥራ ይዞ በሺህ የሚቆጠሩ ቃላትን ማረም፣ ለኅትመት ማብቃትና የባለቤትነቱን ክብር ለመምህሩ መተው ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያ መድበሌ ሲታተም ከቤተሰቦቼ ስም ቀጥሎ የሁለቱን አለቆች ስም በምስጋና ገጹ ላይ ያሰፈርሁት ይህን በማሰብ ነው። መድበሉ ተወዶ ሁለተኛ ጊዜ ታትሟል፤ አንባቢዎች ያነሡልኝ የነበሩት ስንኞችም በአብዛኛው ከእነዚህ ገጾች ፍለጋ የተገኙት ነበሩ።

የደስታ መጽሐፍ ከመምህራቸው የሚለይበት ጠባይ አለው። የኪዳነ ወልድ ጠንከር ያለ የሊቅ ሥራ ነው፤ ሰዋስውን አስቀድሞ፣ ግሱን አስከትሎ፣ ከዚያ ወደ ቃላቱ ይገባል። የደስታ ደግሞ የቤተ ክህነቱን ቃል ከገበሬው፣ ከባለ እጁና ከባልትናው ቃል ጋር አስተባብሮ ይዟል፤ ለልብ ወለድ ጸሐፊም በጣም የሚጠቅመው ይህ ነው። የማረሻን ወይም የሽመናን ዕቃ በስሙ ጠርቶ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ረዳት አያገኝም። ፍችው ራሱ በሚጥም አማርኛ የተጻፈ ስለሆነ፣ አንድ ቃል ፍለጋ የከፈተው ሰው አሥሩን አንብቦ ይነሣል።

ጉድለታቸውን መሸፈን አንባቢን መበደል ይሆናል። አንደኛ፣ ከ1960ዎቹ ወዲህ ወደ ቋንቋችን የገባው የአብዮቱም፣ የቴክኖሎጂውም፣ የከተማውም ቃል በውስጣቸው የለም። ለዚህ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያወጣው የአማርኛ መዝገበ ቃላት የበለጠ ይረዳል፤ በሀለሐመ የለመደ ሰውም በእርሱ አይቸገርም። ሁለተኛ፣ የቃላት አመጣጥ ላይ የሚሰጡት አስተያየት የየዘመናቸውን ዕውቀት የተከተለ ስለሆነ፣ ለጥናት የሚጠቀም ሰው ከሌላ ምንጭ ጋር ማመሳከር ይገባዋል። ለቃል ጨዋታ ግን አጠራጣሪ የሆነው ዝምድና እንኳን ፍሬ አለው። ሦስተኛ፣ የትኛውም መዝገበ ቃላት ጆሮን አይተካም። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ በወረቀት ላይ የሰመረ ኅብር በመድረክ ሲነበብ ሊፈርስ ይችላል፤ የበዓሉ «ገና» ጠብቆ፣ የጊዜው «ገና» ላልቶ ይነበባልና። ጸሐፊ ስንኙን ከማሳተሙ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ አለበት።

በ1951 ዓ.ም. የታተመው የተሰማ ሀብተ ሚካኤል «ከሣቴ ብርሃን ተሰማ» በዚህ ረድፍ ሊታሰብ የሚገባው ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ከሁለቱ ጋር ሦስተኛ ሆኖ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል። በውጭ አገር ያደጉና በእንግሊዝኛ በኩል ወደ አማርኛ የሚመለሱ ልጆች ላሏቸው ወላጆች ደግሞ ቶማስ ኬን በ1990 እ.ኤ.አ. በሁለት ቅጽ ያሳተመው የአማርኛና እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይሻላቸዋል።

ስለ ግዢው፣ የመጀመሪያዎቹ እትሞች የሚገኙት በአብዛኛው ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ዘንድ ነው። ዋጋው እንደ መጽሐፉ ይዞታ በጣም ስለሚለያይ፣ ከመክፈል በፊት ሦስት ነገር ማየት ይጠቅማል፦ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ገጾች መኖራቸውን፣ ጥራዙ አለመላቀቁን፣ በመካከል የተዘለለ ገጽ አለመኖሩን። የአበገደን ተራ ሳያውቅ የሚገዛ ሰው የጎደለውን ክፍል ሳያስተውል ሊቀር ይችላልና ገጽ ቁጥሮቹን ማየት ይበጃል። በስልክ የሚዘዋወረው የተቃኘ ቅጂ ለችግር ቀን ይሆናል፤ ነገር ግን የገጹ ፎቶ ስለሆነ ቃል ጽፎ መፈለግ አይቻልም፤ ከሠ ወደ ሰ እየተመላለሱ ማገላበጡም በትንሽ መስኮት አድካሚ ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃው ልብ ወለድ ወይም ተውኔት ጸሐፊ ከሆነ የደስታን ቀድሞ ይግዛ። ቅኔና ግጥም የሚጽፍ ግን ከኪዳነ ወልድ ይጀምር፤ የደስታን ደግሞ ገንዘብ ባገኘ ጊዜ ይጨምርበት።