ከማሽኑ በፊት ሣሩን ያዩልኝ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንድ የሣር ማጨጃ ማሽን ጠጋኝ ለማመስገን ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ፣ እኔ እንደምጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሁለት ወር ሙሉ ሣሬ ጤና አልነበረውም። ባጨድኩት በማግስቱ ጫፉ ይገረጣል፣ በሦስተኛው ቀን ግቢው ገለባ የተነሰነሰበት ይመስላል። ውኃ ጨመርኩ፣ ማዳበሪያ ጨመርኩ፤ አልተሻለውም። ማሽኑ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ግማሽ ሰዓት ከገፋሁት በኋላ ጣቶቼ ደንዝዘው እርሳስ እንኳን መያዝ ያቅተኝ ነበር። ቀደም ሲል ቢላዋውን ፈትቶ ስሎ መልሶ የገጠመልኝ ሰው ዘንድ ብወስደው፣ «ሞተሩ አርጅቷል፣ ሌላ ግዢ» ብሎ መለሰኝ።

ጋሼ ሲመጡ ማሽኑን አስነሺ አላሉኝም። በቀጥታ ወደ ሣሩ ሄደው ተንበረከኩ። አንድ ቅጠል ነቅለው ወደ ብርሃን አነሱና «ይኸውልሽ ልጄ፣ ይህ አልተቆረጠም፤ ተበጥሷል» አሉኝ። ጫፉ እንደተበጠሰ ክር ተተርትሮ ነበር። ስለታም ቢላዋ ሲቆርጠው ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይድናል፤ ሲበጠስ ግን የተተረተረው ክፍል ደርቆ ይቀራል። ሁለት ወር ሙሉ ያየሁት ገለባ ይህ ነበር።

ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞሩ። በመጀመሪያ የካንዴላውን፣ ማለትም ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ ገመድ ነቀሉ። ካንዴላው እንደተያያዘ ቢላዋውን በእጅ ማዞር ሞተሩን ሊያስነሳው እንደሚችል ሲነግሩኝ ሰውነቴ ቀዘቀዘ፤ ሳጸዳው ገመዱን ነቅዬ አላውቅምና። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ከሶኬት መንቀል፣ ባትሪ ካለው ባትሪውን ማውጣት ነው። ቀጥለው የአየር ማጣሪያው ያለበት ጎን ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው አጋደሉት፤ በተቃራኒው ቢጋደል ዘይቱ ወደ ማጣሪያውና አየርና ነዳጅ ወደሚቀላቀሉበት ካርቡራተር ይፈስሳል።

ሆዱ ላይ የተጋገረውን ሣር በእንጨት ከፋቁ በኋላ ዝም ብለው ጥቂት አዩት። ቢላዋው ተገልብጦ ነበር የተገጠመው።

ይህን ነገር ያስረዱበትን መንገድ መቼም አልረሳውም። ጠፍጣፋ የሚመስለው ቢላዋ በሁለቱም ጫፎቹ፣ ከስለቱ በስተጀርባ፣ ወደ አንድ ወገን የታጠፈ ክንፍ አለው። ክንፉ ማየት ያለበት ወደ ማሽኑ ሆድ ነው። ሲሽከረከር አየር ወደ ላይ ይስባል፣ የተኛውን ሣር ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ የታጨደውንም ወደ ከረጢቱ ይወረውራል። ተገልብጦ ሲገጠም ግን የአየሩ ስበት መጥፋቱ ብቻ አይደለም። የሞተሩ አዟዟር ስለማይቀየር ስለቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሣሩን የሚመታው ደነዙ ጀርባ ይሆናል። ቢላዋው ምንም ያህል ቢሳል ለውጥ የለውም። በብዙ ቢላዋዎች ላይ ወደ ሣሩ የሚዞረው ፊት የትኛው እንደሆነ ተቀርጿል። የእኔም ላይ ነበር፤ ጋሼ በጨርቅ ጠርገው በጣታቸው አሳዩኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ገልብጦ አጥብቆ ሒሳቡን ይቀበል ነበር። እሳቸው ግን መንቀጥቀጡን አልረሱትም። ቢላዋውን በትክክለኛ ፊቱ አስረው፣ በሽፋኑ ጠርዝ ላይ በጠመኔ አንድ ምልክት አደረጉ። በጓንት ይዘው እያዞሩ አንደኛው ጫፍ ምልክቱ ጋ ሲደርስ ከጠርዙ ያለውን ርቀት ለኩ፤ ከዚያ ሌላኛውን ጫፍ እዚያው ቦታ አድርሰው ለኩ። ልዩነቱ 5 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ወይ ቢላዋው ታጥፏል ወይ ቢላዋው የሚታሰርበት የሞተሩ ዘንግ ጎብጧል አሉኝ። ዘንግ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው።

የትኛው እንደሆነ ያወቁበት ዘዴ በጣም ቀላል በመሆኑ አስደነቀኝ። ቢላዋውን ፈትተው የግራውን ጫፍ ወደ ቀኝ አዙረው፣ ዘንጉን ሳያንቀሳቅሱ መልሰው አሰሩት። ዝቅ ያለው ጫፍ ከቢላዋው ጋር አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የቢላዋው ነው፤ ዝቅታው እዚያው የነበረበት ቦታ ከቀረ ግን የዘንጉ ነው። አብሮ ዞረ። ሞተሩ አላረጀም፣ ዘንጉም ደህና ነበር። ያን ጊዜ ከወራት በፊት የዛፍ ሥር መትቼ ማሽኑ ቀጥ ብሎ መቆሙ ትዝ አለኝ።

በመዶሻ ያቃኑልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አላደርገውም» አሉ፤ ድምፃቸው ጠንከር ብሎ። ታጥፎ የተቃና ብረት ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ስንጥቁም በዓይን ላይታይ ይችላል። በደቂቃ 3000 ጊዜ የሚዞር የ50 ሳንቲ ሜትር ቢላዋ ጫፉ በሰከንድ 78 ሜትር ያህል ይበርራል። ከዚያ ላይ ተሰብሮ የሚወጣ ቁራጭ ምን እንደሚያደርስ ማሰብ አያዳግትም።

አዲስ ቢላዋ ተገዛ። እሱንም ቢሆን ዝም ብለው አልገጠሙትም፤ ግድግዳ ላይ በተመታ ምስማር በመሃል ቀዳዳው አንጠለጠሉት። አንዱ ጎን ቢያዘነብል ከከበደው በኩል በሞረድ ጥቂት ይነሳለታል። የጥቂት ግራም ልዩነት ምን ያመጣል ብዬ ነበር። ቤት ገብቼ አሰላሁት፤ በዚያ ፍጥነት ጫፉ ላይ 10 ግራም ቢበልጥ፣ ያ ትርፍ 25 ኪሎ ግራም የተንጠለጠለበት ያህል አድርጎ ዘንጉን ይጎትተዋል፤ ያውም በየዙሩ አቅጣጫውን እየቀያየረ። ጣቶቼ ለምን እንደደነዘዙ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከብሎኑ ሥር የምትገባውን ቀለበት፣ ሮንዴላዋን፣ በነበረችበት ፊት መልሰው፣ ቢላዋው እንዳይዞር እንጨት ደግፈው፣ ብሎኑን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ አጠበቁት። ልኩን የወሰዱት ከማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ነው። በመጨረሻም የአንዱ ጎማ ከፍታ ከሌሎቹ በአንድ እርከን ዝቅ ብሎ አግኝተው አስተካከሉት። ሣሩ ላይ የማየው ደረጃ የመሰለ መስመር ከዚያ የመጣ ነበር።

ስለ መሳልም ምክር ሰጥተውኛል። ስለቱን ፋብሪካው ያወጣለትን ማዕዘን ሳይለቁ፣ በሁለቱም ጫፍ ሞረዱን እኩል ጊዜ እየቆጠሩ መሳል ነው። እንደ ጢም መላጫ ማቅጠን አያስፈልግም፤ እንደዚያ የቀጠነ ስለት ቶሎ ይታጠፋል። በሚሽከረከር ድንጋይ ሲሳል ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን ከጋለ ደግሞ ጥንካሬውን አጥቷል ማለት ነው።

ካስተካከሉልኝ ወዲህ ሦስት ጊዜ አጭጃለሁ። ጫፉ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። ማሽኑን ስገፋው እጄ ላይ የሚሰማኝ የሞተሩ ትርታ ብቻ ነው።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ቅዳሜዎን ሰውተው፣ የማላውቀውን ሁሉ ሳይሰለቹ አስረድተውኛል። ቀላሉን «ሞተር ይቀየር» የሚለውን መልስ መስጠት ሲችሉ፣ ያስከፈሉኝ የቢላዋውንና የሠሩበትን ብቻ ነው።

ማሽኑ የሚንቀጠቀጥበት፣ ሣሩ የሚገረጣበት ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛለሁ። እየተቀመጡ የሚነዱትን ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ቢላዋ ማሽኖችም ይሠራሉ። ለእነዚያ ከሁሉ በፊት የጎማዎቹን አየር እኩል አድርጋችሁ ጠብቋቸው፤ አየሩ ሳይስተካከል የሚለካ ከፍታ ሁሉ ስህተት ነው ይላሉ። መመሪያ መጽሐፉ ካላችሁ አዘጋጁ። ማሽኑን ግን አጥባችሁ አትጠብቋቸው፤ ሆዱ ላይ የተጋገረውን ሣር ራሳቸው ማየት ይፈልጋሉ።