አሮጌ ኮምፒውተር ወደ አዲስ ለመገልበጥ ምን ልግዛ? ፍላሽ፣ ኤክስተርናል፣ ሳታ ኬብል ወይስ ኔትወርክ

ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን ጥቅምት 4 ቀን 2018 መደገፍ ካቆመ ወዲህ እኛ ሰፈር ደሴ ኮምፒውተር የሚቀይር ሰው በዝቷል፣ አብዛኛው ያው ዩዝድ ላፕቶፕ ነው የሚገዛው፣ እና ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ አሮጌው ላይ ያለውን ፋይል ለማምጣት ምን ልግዛ? መጀመሪያ የአባቴን ዴስክቶፕ ከዛ ኮምቦልቻ ያለችውን አክስቴን ከዛ የጎረቤታችንን ስለገለበጥኩ ሁሉንም መንገድ ሞክሬዋለሁ። የአባቴ ወደ 300 ጂቢ ነበር፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ ከካሴት የተገለበጠ መንዙማ፣ የእህቴ የዩኒቨርሲቲ ስራ ምናምን፣ ስለዚ በዚችው 300 ጂቢ ላወዳድርላችሁ።

መልሴን ከፊት ልናገር፦ የድሮው ዲስክ ጤነኛ ከሆነና ማሽኑ ተፈቶ ዲስኩ የሚወጣ ከሆነ ሳታ ወደ ዩኤስቢ ኬብል (የወጣን ዲስክ እንደ ፍላሽ የሚያሰካ ገመድ) ግዙ። መፍታት ካልተቻለ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ። ፍላሽ ለዚህ ስራ አልመክርም።

ፍላሽ ርካሽ ነው እጃችንም ላይ አለ፣ ግን 32 ጂቢ የተባለው ሲሰካ 29 አካባቢ ነው የሚያሳየው፣ 300 ጂቢ ለማመላለስ 11 ጊዜ መሰካት መንቀል ነው፣ ርካሹ ፍላሽ ደሞ ሲጻፍበት በሰከንድ 10 ሜጋባይት ቢሄድ ነው፣ አንዱ ዙር ብቻ ሃምሳ ደቂቃ ይወስዳል። ፋት 32 ሆኖ ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጂቢ የሚበልጥ አንድ ፋይል ጭራሽ አይቀበልም፣ የሠርግ ቪዲዮው እዛ ላይ ነው የሚቆመው (ኤክስፋት አርጋችሁ ፎርማት ብታደርጉት ይቀበላል)። ከሁሉ የሚብሰው ሾርትከት ቫይረሱ ነው፣ አሮጌው ማሽን ላይ ካለ ፎልደሩን ሁሉ ደብቆ በሾርትከት ይተካዋል፣ ከዛ ፍላሹን አዲሱ ላይ ሰክታችሁ ሾርትከቱን ስትከፍቱት በሽታውንም አብራችሁ አሻገራችሁ ማለት ነው። መንገድ ላይ 2 ቴራ እየተባለ በፍላሽ ዋጋ የሚሸጠውንማ አትንኩት፣ ውስጡ ትንሽ ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ ሲሞላ የገለበጠ ይመስላል በኋላ ስትከፍቱት ግን ፋይሉ የለም።

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከሁሉም ውዱ ነው ግን ስራው ካለቀም በኋላ ባክአፕ ሆኖ ይቀራል፣ ለዛ ሲባል ዋጋው አይቆጭም። ችግሩ አሮጌው ኮምፒውተር ዩኤስቢ 2.0 ብቻ ካለው በሰከንድ 30 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚሄደው፣ 300 ጂቢ ወደ ሶስት ሰዓት ይፈጃል፣ ከዛ ወደ አዲሱ ማውረጃ ሌላ ሰዓት ጨምሩበት። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ደሞ ዴስክቶፑ ይጠፋል፣ የቱ ተገልብጦ የቱ እንደቀረ መፈለግ ነው። ለዚህ ነው ምንም ቢሆን ካት አታድርጉ ኮፒ ብቻ አድርጉ የምለው።

ሳታ ኬብሉ ላይ ግን ሰፋ አድርጌ ልጻፍ ምክንያቱም ሰው የማያውቀው እሱን ነው። አሮጌውን ማሽን ጭራሽ አታበሩትም፣ ዲስኩን ፈታችሁ ታወጡና በኬብሉ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ እንደ ፍላሽ ትሰኩታላችሁ፣ በቃ። የድሮው ዊንዶውስ ተበላሽቶ አልነሳ ቢል እንኳ ይሰራል፣ አንዴ ብቻ ነው የሚገለበጠው፣ አዲሱ ላይ ሰማያዊው ፖርት ማለትም ዩኤስቢ 3.0 ላይ ከሰካችሁት የሚያዘገየው ዲስኩ ራሱ ብቻ ነው፣ የአባቴ አንድ ሰዓት ትንሽ አልፎ ነው ያለቀው። ላፕቶፑ ደሞ ባትሪው ደህና ከሆነ መብራት ቢጠፋም አይቆምም፣ ለኛ አገር ትልቅ ነገር ነው ይሄ።

ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። የላፕቶፕ ትንሿ ዲስክ ከዩኤስቢው በሚያገኘው ኃይል ትነሳለች፣ የዴስክቶፕ ትልቁ ዲስክ ግን 12 ቮልት ስለሚፈልግ ግድግዳ ላይ የሚሰካ አዳፕተር ያለውን ኬብል ነው መግዛት ያለባችሁ። አክስቴ ያለ አዳፕተር ገዝታ ዲስኩ ሞቷል ብለው ነግረዋት ነበር፣ እኔ ስሄድ አዳፕተር ያለውን ሰካሁላት ወዲያው ተነሳ፣ የልጆቿ የልጅነት ፎቶ ሁሉ እዛ ውስጥ ነበር። በጣም አሮጌ ከሆነ ደሞ ሰፊ ጠፍጣፋ ገመድ የሚገባበት አይዲኢ ዲስክ ሊሆን ይችላል፣ ለሱ ሳታው አይገባም፣ መጀመሪያ ዲስኩን አውጥታችሁ ይዛችሁት ሱቅ ሂዱ። ዲስኩን አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ስትከፍቱት ዩዘርስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ግቡ፣ ዴስክቶፑ ዶክመንቱ ዳውንሎዱ ሁሉ እዛ ነው፣ ፈቃድ የለህም ካለ ኮንቲኒው በሉት ትንሽ ይቆያል ይከፍታል። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ብሎ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ከጠየቀ ግን ዲስኩን መልሳችሁ ከድሮው ማሽን ላይ ክፈቱት። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምጽ ካለው ደሞ ሁሉንም ልገልብጥ አትበሉ፣ ሌላ ቦታ የማይገኘውን ፎቶ ብቻ ቶሎ አውጡ።

በላን (ኔትወርክ) ኬብል ሁለቱን ኮምፒውተር ማገናኘት ከዋጋው አንጻር ቆንጆ ነው፣ አሮጌው ፖርት 100 ሜጋቢት ከሆነ ግን ወደ ስምንት ሰዓት ይሄዳል፣ ሼሪንጉን ማስተካከሉ ደሞ ላልለመደ ሰው ራስ ምታት ነው። ጎግል ድራይቭ በነጻ 15 ጂቢ ነው፣ ለትምህርት ማስረጃና ለዶክመንት ይበቃል፣ 300 ጂቢ ግን በ5 ሜጋቢት ኔት ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ከአምስት ቀን በላይ ነው።

በየትኛውም ብትገለብጡ የሚረሳ ነገር አለ። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ዶክመንት ፎንቱ አዲሱ ላይ ካልተጫነ የማይነበብ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ጎረቤታችን የእድራቸው መዝገብ ተበላሸ ብለው ደንግጠው ጠሩኝ፣ አብሽሩ ጋሼ ብዬ ከድሮው ዲስክ ፎንትስ ፎልደር ውስጥ ፎንቱን አምጥቼ ስጭነው ተመለሰ። ፒችትሪ (የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም) የምትሰሩም ፎልደሩን ከመገልበጥ ራሱ ፕሮግራሙ ውስጥ ባክአፕ አውጡና አዲሱ ላይ ሪስቶር አድርጉ፣ ስለዚ ለሱ ማሽኑን ከመፍታታችሁ በፊት ነው የሚሰራው።

አሮጌውን ዲስክ ደሞ እባካችሁ ወዲያው ፎርማት አድርጋችሁ አትሽጡ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስንቱ ሰው ኮምፒውተሩን ቤት ትቶ ወጥቶ ሲመለስ አጣው፣ ፎቶው ሁሉ አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ሳታ ኬብሉን ከሌላው የማስበልጠውም በዚሁ ነው፣ ሲያልቅ የወጣው ዲስክ ራሱ ሁለተኛ ኮፒ ሆኖ እጃችሁ ላይ ይቀራል። የአባቴን በጨርቅ ጠቅልለን ኮምቦልቻ አክስቴ ጋ ነው ያስቀመጥነው፣ የሷ ደሞ ደሴ እኛ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ ነው።